ሁለት ፌስታል

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ሳትሰማው አረፈች። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ሰኞ የጀመርኩትን ስግደት ረቡዕ መተዌን ሁሉ እዘረዝርና ይህችን አንዷን ምላሴ ሥር ደብቄ እመለሳለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው፤ በዚህ ደረጃ ለምትወጡና ለምትወርዱ ለብሎካችን ሰዎች፣ ለእንግዳም፣ ለአላፊ አግዳሚም። ረጅም ነው፣ አራት ገጽ ሆኗል። የውሃ ፈረቃ የሚለጠፍበትን ቦታ ያዘችብን የሚል ካለ ይበል። ቆማችሁ አንብቡት።

እኔ ፀዳለ ነኝ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ የስፌት መኪና ሲንጫጫ የሚውልበት ቤት። የኦቨን ጓንት የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ኬክ ቤቶች የጋለ ትሪ የሚያወጡበት፣ አውራ ጣቱ ብቻ ለብቻው የወጣ ወፍራም ጓንት። ገርጂ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚሰፋ ካለ ወዲህ በሉኝ። ሌላው ሰው ውስጡን ስፖንጅ ይከትበታል፤ ስፖንጅ ደግሞ ሲግል ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እኔ ውስጡን ያረጀ ጋቢ ነው የማደርገው። አራት ድርብ ነው፣ የእጅ ፈትል ነው፣ ብዙ ውሃ አይቶ ለስልሷል። በሁለት ጨርቅ መሀል አስገብቼ ከዳር እስከ ዳር በሰያፍ እየመላለስኩ እሰፋዋለሁ፤ ከዚያ በካርቶን ልክ እቆርጠዋለሁ። እሳት አያልፈውም። ልመጻደቅባችሁ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ከጋቢው ስለሆነ ነው።

ያረጀ ጋቢ የምትሰጡኝ እናንተ ነበራችሁ፤ ከየቤታችሁ ሰብስባ የምታመጣልኝ ደግሞ አስካለ። አዲስ የገባችሁ አታውቋትም። ተመላላሽ ልብስ አጣቢ ነበረች፣ ከብሎኩ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ከልጇ ጋር የምትኖር። እዚህ ያልገባችበት በር አልነበረም። ሰው ሥራ ሲሄድ ቁልፉን ለእሷ ነበር የሚተወው። ያጠበችውን አድርቃ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ትመጣለች፤ በሩ ከተዘጋ እኔ ጋ አደራ ታስቀምጠዋለች፣ እኔ ከቤት የት እሄድና? ሻይ እናፈላለን፣ ሰው እናማለን፣ እንስቃለን። ፀዱዬ ነበር የምትለኝ።

አራተኛ ፎቅ ያሉትን እትዬ ለተብርሃንን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከትግራይ ከመጡ ስንት ዘመናቸው፣ እንዝርታቸውን ግን አልተዉትም። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ባዘቶውን በአንድ እጅ ይዘው ሲፈትሉ ያላየ የለም። ግራኝ ናቸው፤ እንዝርቱን የሚያሾሩት በግራ እጃቸው ነው። በዚያን ዓመት ሴት ልጃቸው ልትዳር ነበርና ለአማቻቸው የሚያለብሱትን ጋቢ ራሳቸው ፈተሉ። ክረምቱን ፈተሉ፣ በጋውን ፈተሉ፣ ከዚያ ለሸማኔ ሰጡ። ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር፣ በመስኮቴ በኩል አይቻለሁ።

ሌላም ነገር ነበረ። ያኔ ጓንት መስፋት ከጀመርኩ ገና መንፈቄ ነው፤ ማኅበር ላይ ተሰብስበን አንዷ ሥራሽ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሞልቼ ስለ ጓንቶቼ ሳወራ እትዬ ለተብርሃን ከወዲያ ሆነው፣ «እንዴ! ድስት በነጠላ ጫፍ ይወርድ የለም እንዴ? ዛሬ ለድስት ጓንት ከሰፋሽ ነገ ለምጣዱ ካልሲ ልትሰፊለት ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክፋት የለባቸውም፣ ጨዋታ ነው። እኔም ከሰዉ ጋር ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ደረጃ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ካልሲ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራዬ ልምጣ፣ ሥራዬ ስል ኃጢአቴን ማለቴ ነው።

ቅዳሜ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አንድ ኬክ ቤት ሁለት ደርዘን ጓንት አዝዞኛል፤ ለእሁድ ጠዋት አደርሳለሁ ብያለሁ። የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዜ ነው። አስካለ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች፣ በሁለት እጇ ሁለት ፌስታል ይዛ። «ፀዱዬ፣ ይሄኛው ከታች ቤት የተላከልሽ አሮጌ ጋቢ ነው። ይሄኛው የእትዬ ለተብርሃን ነው፤ አዲስ ነው፣ አንድ ውሃ ይይ ብለው ሰጥተውኝ። ቤት የሉም፣ ሲመጡ ትሰጪልኛለሽ። አደራ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሻዩን እንኳ አልጠጣችም፣ ሌላ ቤት ልብስ ዘፍዝፋ ነበር።

የመጀመሪያውን ፌስታል ስከፍተው የሞተ ጨርቅ ነው። ወደ ብርሃን ባነሳው ወንፊት ሆኗል፣ ሳብ ባደርገው ተቀደደ። ለስምንት ጓንት የሚሆን ጋቢ ጎደለኝ። ሁለተኛውን ፌስታል አየሁት። ፈታሁት።

ተሳሳትኩ ብል እንዴት ደስ ባለኝ! ፌስታሉ ተምታታብኝ፣ አሮጌ መስሎኝ ነው ብል ማን ያውቅብኛል? አልተምታታብኝም። ጨርቅ ሲነካ የኖረ እጅ አዲስና አሮጌ ይጠፋዋል? ገና አንዴ የታጠበ፣ ጥለቱ ያልደበዘዘ ጋቢ ነው። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለምን እንደተፈተለ አውቃለሁ፣ አደራ መሆኑን አውቃለሁ። መቀሱን አነሳሁና ከመሀሉ ጀመርኩ።

ቸግሮኝ ነው ልበላችሁ? አልቸገረኝም። ደውዬ አንድ ቀን ጨምሩልኝ ብል የኬክ ቤቱ ሰዎች ይጨምሩልኝ ነበር፤ ስልኩ እዚያው ከክሩ አጠገብ ነበር። ታዲያ ለምን? ሠርቶ ማሳየት አማረኝ። የሳቁብኝ ሰዎች ጓንቶቼ ኬክ ቤት ውስጥ ተሰቅለው ሲያዩ አፋቸው እንዲዘጋ አማረኝ። መቀሱ አራቱን ድርብ ሲቆርጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ «ካልሲ!» ማለቴን አልረሳም። ያንን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጋቢውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ አይደለም። ሰይጣን ስፌት አይችልም።

ጋቢ ገዝቼ እተካለሁ እያልኩ ልቤን ሳታልለው ዋልኩ። የእጅ ፈትላቸውን ከየት ነው የምገዛው?

ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ለተብርሃንና አስካለ አብረው ቆመዋል። ጋቢው ተቆርጦ በአበባ ጨርቅ ተሸፍኖ መኪናው ሥር ነው። አስካለ ፈገግ ብላ ፌስታሉን እንድሰጣት እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ እንኳ መናገር ይቻል ነበር። «እትዬ ለተብርሃን፣ ቆረጥኩት፣ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይሰድቡኝ ነበር፣ ያለቅሱ ነበር፣ ብሎኩ አንድ ሰሞን ያማኝ ነበር፣ በቃ። እኔ ግን ያንን አሮጌ ፌስታል አንስቼ አሳየኋቸውና፣ «ይሄንን ነው የሰጠችኝ። አንድ ፌስታል ነው» አልኩ።

አስካለ የቀለድኩ መሰላት። «ፀዱዬ፣ ሁለት ነው እኮ። አደራ ብዬሽ የለ?»

«አንድ ነው።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ቀስ ብሎ ነው የተለወጠው፣ ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ስለሆነ። እትዬ ለተብርሃን ወደ እሷ ዞሩ። እኔ ሦስተኛ ጊዜ አንድ ነው አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ስምንቱንም ጨርሼ፣ ሁለቱን ደርዘን በጆንያ አድርጌ በሚኒባስ ሲኤምሲ አድርሼ ተመልሻለሁ። ጓንቶቹ ግሩም ነበሩ፣ ልክድ አልችልም። አስካለ በልጇ ማለች። እትዬ ለተብርሃን ፀጉራቸውን ገልጠው በፀሐይ ፊት ረገሟት። ከዚያ ኮሚቴው ማስታወቂያ ይጻፍ አለ። የኮሚቴው ጸሐፊ ማን ነበረ? እጅ ጽሑፏ ያምራል የምትሏት ማን ነበረች? «በስርቆት ምክንያት ከእንግዲህ ልብስ አጣቢዋን አስካለን ወደ ብሎካችን ማስገባት የተከለከለ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ስርቆት የሚለውን ቃል ጎላ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ይህ ወረቀት አሁን የተለጠፈበት ቦታ ላይ ራሴ ለጠፍኩት፣ ፀሐይ እስኪያነጣው ድረስ እዚያው ኖረ።

የጎረቤት ብሎኮችም ሰሙና በራቸውን ዘጉባት። ወር ሳይሞላ ክፍሏን ለቅቃ ሄደች አሉ። የት እንደሄደች አልጠየቅሁም።

ለትንሣኤ ምን እንዳደረግሁ ስሙ። ከጋቢው ቁራጭ ተርፎኝ ነበር። በእሱ ጥንድ ጓንት ሰፋሁና ዓይኔን በጨው ታጥቤ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ለእትዬ ለተብርሃን በስጦታ ሰጠኋቸው። ምን አስቤ ነው? መካሴ ነበር? ወይስ ካልሲዋን እዩልኝ ማለቴ ነው? እስከ ዛሬ አላውቀውም፣ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። እሳቸውም መረቁኝ። ለበዓል ዳቦ ሲጋግሩ በሱ ነበር የሚያወጡት፤ «የፀዳለ እጅ ይባረክ፣ ይሄ እኮ እንደ ጋቢ ነው» ይላሉ ለሰው። እኔ አሜን እላለሁ።

በዚህ ሁኔታ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ጓንቱ ታወቀ፣ ትእዛዙ በዛ፣ እኔም አሮጌ ጋቢ ስቆርጥ ስሰፋ እውላለሁ። አስካለ ትዝ አትለኝም ነበር ብል እዋሻለሁ። በቆረጥኩ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እትዬ ለተብርሃን በደረጃው ቀስ ብለው እየተደገፉ ወረዱ። የቀኙ ጓንት አውራ ጣት ተተርትሮ ውስጡ ወጥቷል፣ ስፊልኝ ብለው አመጡት። ተቀመጡ። እኔ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ እሳቸው በቀዳዳው የወጣችውን ክር ሳብ አድርገው በጣታቸው ያሻሿት ጀመር። ወደ አንድ ጎን ጠመዘዟት፣ ወደ ሌላው ጎን ጠመዘዟት። ደገሙት። በቀኝ እጁ የሚፈትል ሰው ክር ወደ አንድ ጎን ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራኝ ፈትል ወደዚያው ጎን ሲዞር ይፈታል። በዚህ ሰፈር በግራ እጁ የሚፈትል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አሮጌ ጋቢ ሰጥተውኝ አያውቁም።

መርፌውን አስቀመጥኩ።

«ጓለይ» አሉኝ በትግርኛ፣ ልጄ እንደማለት። «ይሄ እኮ የእኔ ፈትል ነው።»

አልካድኩም። መካድ ቢቻልማ ኖሮ እክድ ነበር መሰለኝ፤ አላወቅሁበትም። ራሴን ነቀነቅሁ። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ «ጋቢውንስ ተውኩልሽ። ልጄ በሌላ ጋቢ ተድራ ወልዳለች። ያቺን ሴትዮ ግን ፀጉሬን ገልጬ ረገምኳት እኮ!» ብለው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «በይ ዝም እንበል። እግዚአብሔር አውቆታል፣ ሰው ቢያውቀው ምን ይጨምራል? በእርጅናዬ በሰው ፊት አልዋረድ» አሉኝ። ጓንቱን ሰፍቼ ሰጠኋቸው፣ ደግፌም አወጣኋቸው።

እትዬ ለተብርሃን ይህንን ሲሰሙ ይቆጡኛል። ይቆጡኝ። እርስዎ የተናገሩት ባዩት ነው፣ ያሳየሁዎት እኔ ነኝ፤ ውርደቱ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ጋቢውን ይቅር ስላሉኝም እግርዎን እስማለሁ። አስካለን ግን እርስዎ በየት በኩል ይቅር ይሉልኛል?

ባለፈው ሳምንት አስካለ ጋ ሄድኩ። በራችን ላይ ጉልት የምትሸጠው ሴት ነበረች ያለችበትን የነገረችኝ፣ ቡልቡላ፣ አዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ጋ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳጠና ነበር። ሳገኛት ከአንድ ብሎክ ኋላ ቆማ ብርድ ልብስ ትጨምቃለች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጣቶቿ አብጠዋል። አየችኝ። ስሜን አልጠራችም። ብርድ ልብስ ብቻውን አይጨመቅም፤ ቦርሳዬን አስቀምጬ ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። አልከለከለችኝም። እሷ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ እየጠመዘዝን፣ ውሃው እግራችን ላይ እየፈሰሰ ሁሉንም ነገርኳት። ጋቢውን፣ መቀሱን፣ አንድ ነው ማለቴን፣ ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን። ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ እንደመጣልኝ ነው የነገርኳት።

ብርድ ልብሱን ገመድ ላይ ዘረጋች። ጫፉን አስተካከለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ ከትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ተብላ እያለቀሰች መጥታ ነበር። ለዚህ ነው ሰፈሩን የለቀቅሁት፣ ለሥራው ብዬ እንዳይመስልሽ።» እኔ ይቅርታ የሚለውን ቃል ስጀምር እጇን አነሳችና አስቆመችኝ። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ ፀዳለ? እኔማ እንዳልወሰድኩ አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገሪያቸው።»

ሌላ ልብስ አንስታ ማጠብ ቀጠለች። በሚኒባስ ተመለስኩ።

ይኸው ነገርኳችሁ። ከእናንተ ምሕረት አልለምንም፣ የእናንተ አይደለም። ከእሷም አልለምንም፤ ከሰጠችኝ እሷ ታውቃለች፣ ካልሰጠችኝ ልክ ናት። ያን ቀን ግቢ ውስጥ እናንተም ፈርዳችኋል ብዬ ጣቴን ልቀስርባችሁ ፈልጌ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። በደሌን ላካፍላችሁ አልፈልግም። ማማት የሚፈልግ ይማኝ፣ ጓንት አልገዛሽም የሚል አይግዛ፣ ሰላምታ የሚነሳኝ ይንሳኝ። ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። ቤቴን ግን ለቅቄ አልሄድም፤ በዚህ ደረጃ እወጣለሁ፣ በዚህ ደረጃ እወርዳለሁ፣ የምታዩኝም እያወቃችሁ ታዩኛላችሁ። ይህንን ወረቀት ነቅላችሁ ብትጥሉት ኮፒ አስደርጌያለሁ፣ በነጋታው ሌላ እለጥፋለሁ። ያኛው ፀሐይ እስኪያነጣው ቆይቷል፤ ይሄኛውም ያን ያህል ይቆያል።

ማን ጻፈው ብላችሁ አትጠይቁ። እጅ ጽሑፉን ታውቁታላችሁ፣ የያኔው እጅ ነው፣ አሁንም ጎላ አድርጌ ነው የጻፍኩት። አስካለ አልሰረቀችም። ሁለት ፌስታል ነው የሰጠችኝ። ሁለት።